«ግሎባል» ከ«ሪተርን» አይቅደም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ኮዲንግ ብዙ ይጻፋል። አብዛኛው ግን ስለ ሰርተፍኬትና ስለ ሥራ ዕድል በመሆኑ፣ ጀማሪዎች ደጋግመው ስለሚሰናከሉበት አንድ ጉዳይ፣ ማለትም አንድ ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) በፕሮግራሙ ውስጥ እስከ የት ድረስ እንደሚታወቅ፣ ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መመዝገቢያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስጽፍ ከፋይሉ አናት ላይ «ጠቅላላ = 0» አልሁ (ፓይተን 3 በግእዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል፤ ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ይገረማሉ)። መዋጮ በሚደምረው ፈንክሽን (አንድን ሥራ ለብቻው በሚሠራው የፕሮግራም ክፍል) ውስጥም ያንኑ ስም ከዜሮ አስጀምሬ የ84 አባላትን 150 ብር ደመርሁበት። ገንዘብ ያዣችን በደብተራቸው 12,600 ብር ይዘው ሲጠብቁ ኮምፒውተሩ ዜሮ አወጣ። ፓይተን በፈንክሽን ውስጥ ዋጋ የተሰጠውን ስም፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ የዚያ ፈንክሽን የግል ስም አድርጎ ስለሚወስደው፣ ፈንክሽኑ ሲያበቃ 12,600ው አብሮት ጠፋ፤ የላይኛውን «ጠቅላላ» የነካው አልነበረም። ውስጥ ከዜሮ ሳላስጀምር በቀጥታ «ጠቅላላ = ጠቅላላ + 150» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ፓይተን ገና ዋጋ ያልተሰጠው ሎካል (የፈንክሽኑ የግል) ቫሪያብል ተጠራ ብሎ ፕሮግራሙን ስለሚያቆመው ስሕተቴን ወዲያው ባወቅሁ ነበር።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ፈንክሽኑ ውስጥ «ግሎባል ጠቅላላ» የሚል መስመር ጨመርሁ፤ ይህም ስሙ የፈንክሽኑ የግል ሳይሆን የላይኛው፣ በመላው ፋይል የሚታወቀው እንዲሆን ያዛል፤ 12,600ውም ወጣ። በወሩ ግን ለቀብር የወጣውን የሚደምር ሁለተኛ ፈንክሽን በዚሁ ዘዴ ስጽፍ፣ እርሱም ያንኑ ስም ከዜሮ ስላስጀመረው የወጪው ድምር የመዋጮውን ደመሰሰው። ነገሩ የተስተካከለው «ግሎባል»ን ከሁለቱም አውጥቼ፣ እያንዳንዱ ፈንክሽን ድምሩን በ«ሪተርን» (ውጤትን ፈንክሽኑን ለጠራው ክፍል በሚመልሰው ትእዛዝ) እንዲመልስ፣ ከውጭም አንዱን «መዋጮ»፣ ሌላውን «ወጪ» ብዬ እንድቀበል ባደረግሁ ጊዜ ነው።

ከፓይተን ጃቫስክሪፕት ወደሚባለው ሌላ ቋንቋ የሚሻገር ተማሪ ደግሞ ተቃራኒውን ያገኛል፤ በዚያ አዲስ ቫሪያብል የሚታወጅባቸውን «ሌት» ወይም «ቫር» የሚሉ ቃላት ሳያስቀድሙ በፈንክሽን ውስጥ ለአዲስ ስም ዋጋ መስጠት፣ ጥብቅ የሚባለው አሠራር ካልበራ በቀር፣ ስሙን ግሎባል ያደርገዋል። ስለዚህ አሠልጣኞች «ሪተርን»ን በሚገባ ሳያስለምዱ «ግሎባል»ን እንዳያስተምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፕሮግራሚንግ መምህር፣ ከአዲስ አበባ