ማንም በማይጠራሽ አገር

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጀርመን የትምህርት ቪዛሽ ከተመታ ወዲህ እናትሽ ሽሮ ስታስፈጭ፣ በሶ ስትቆላ ነው የምትውል። እኔ ደግሞ ይህን ጻፍሁልሽ። በስልክ የተነገረ ይረሳል፤ ወረቀቱን አጥፈሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ያዥው።

እኛ ዘንድ የቀረ ሰው ይፈለጋል። ከክፍል ብትቀሪ መምህሩ ይጠይቃል፤ ከቤተ ክርስቲያን ብትቀሪ የንስሐ አባትሽ ያስጠሩሻል፤ ብትታመሚ ጎረቤት እየተመላለሰ ይጠይቅሻል። ጀርመን ማንም አይጠራሽም። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ጉዳይሽን ታውቂያለሽ ብለው ነው የሚተውሽ። ጎበዝ የነበረ ልጅ ጥሪ ሲጠብቅ ቀን ያልፍበታል። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ከወረቀት ልነሣ። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ፣ ዲግሪሽ፣ ትራንስክሪፕትሽ፣ የልደት ሰርተፍኬትሽና የቅበላ ደብዳቤሽ ዋናው ዋናው በእጅ ሻንጣ ይሁን እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ አይግባ። ስምሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አሁኑኑ እዚያው አዲስ አበባ ሳለሽ ተመልከች። አንዲት ፊደል ብትለይ ጀርመን ሄዶ ማስተካከል አበሳ ነው፤ እዚህ ግን ሰጭው መሥሪያ ቤት አለልሽ። የልደት ቀንሽም እንዲሁ፤ ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲገለበጥ አንድ ወረቀት ላይ በአንድ ዓመት የሚዛነፍ ሞልቷል። ደግሞ እዚያ የሚጠሩሽ በቤተሰብ ስም ስለሆነ ቢሮ ተቀምጠሽ የአባትሽ ወይም የአያትሽ ስም ሲጠራ ዝም እንዳትይ። አንችን ነው።

ከደረስሽ በኋላ ነገሩ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ቤት። ቤቱን ከያዝሽ አከራዩ መግባትሽን የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈርሞ ይሰጥሻል። ያን ወረቀት ይዘሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማው ነዋሪዎች ቢሮ ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ከዚያ የባንክ ሒሳብ ትከፍቻለሽ። ዝግ ሒሳብ ያስገባነው 11,904 ዩሮ በየወሩ 992 እየሆነ የሚለቀቅልሽ ይህ የባንክ ሒሳብ ሲኖርሽ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ገንዘብ በእጅሽ ከሌለ፣ አሥራ አንድ ሺህ ዩሮ እያለሽ ዳቦ መግዣ ልታጭ ትችያለሽ። ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የገባሽበት ቪዛ ሳይቃጠል ማመልከቻውን አስገቢ። ቀጠሮው ከወራት በኋላ ቢሰጥሽም ማመልከትሽን የሚያሳይ ማስረጃ አስቀምጭ።

ቤት ከማግኘትሽ በፊት ገንዘብ ላኪ የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ የቤቱ ፎቶ ምንም ቢያምር፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ቢልሽም፣ አታላይ ነው። የተማሪዎች መኖሪያ ርካሽ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ኪራይ ሲነግሩሽ “ቀዝቃዛ” እና “ሙቅ” የሚሉት አለ። ቀዝቃዛው ባዶ ቤቱ ነው፤ ሙቁ ማሞቂያና ውሃ ሲጨመርበት ነው። አንች የምታሰይው ሙቁን ነው። መያዣ ብለው የሚቀበሉሽ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ሕጋቸው ነው።

የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስምሽን በገባሽበት ቀን ለጥፊ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስም ከሌለበት ፖስተኛው ደብዳቤውን መልሶ ይወስደዋል። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የባንክ ካርድሽ፣ የግብር ቁጥርሽ፣ የኢንሹራንስ ካርድሽ ሊኖር ይችላል። የመጣውን ፖስታ ሁሉ በዕለቱ ክፈችው። ቋንቋው ከብዶሽ መሳቢያ ውስጥ የቆለልሽው ደብዳቤ ውስጥ ቀን አለ፤ ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ይሆናል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያስደነግጥሽ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚሉት ነው፤ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ። ሬዲዮ የለኝም ብሎ ማምለጥ የለም። ከሌሎች ጋር በአንድ ቤት ከኖርሽ ግን አንድ ሰው ይከፍልና ትካፈላላችሁ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ግልጽ እንሁን። ከ992 ዩሮ ላይ የጤና መድን ብቻ ከ140 በላይ ይወስዳል፤ ኪራዩ ትልቁን ይውጣል። የቀረው ለምግብና ለትራንስፖርት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ከእኛ ጡረታ ተቆርጦ የሚላክልሽ እዚያ ሲደርስ የሁለት ቀን ምሳ አይሆንም፤ እኛን አታስቢን። እኛም ከአንች አንጠብቅም። ዘመድ “ትንሽ ላኪልን” ብሎ ቢደውል እምቢ ማለቱን ለእኔ ተይልኝ።

ሥራ መሥራት ተፈቅዶልሻል፤ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። በትምህርት ሰሞን በሳምንት ከ20 ሰዓት ካለፍሽ ግን በተማሪነት የምትከፍይው የመድን ዋጋ ይቀየርብሻል። ያለ ውል፣ በእጅ የሚከፈል ሥራ አትንኪ፤ አሠሪው ቢክድሽ ማን ላይ ትከሻለሽ? እኔን ብትጠይቂኝ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ባትሠሪ እመርጣለሁ። ከቻልሽ በኋላ በክፍልሽ ፕሮፌሰር ሥር የሚሠራ የረዳትነት ሥራ ፈልጊ። ክፍያው ከመጋዘን ሥራ ላይበልጥ ይችላል፤ ግን ከምትማሪው ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እዚህ ስትማሪ ውጤትሽ ከአሳይንመንት፣ ከኩዊዝ፣ ከሚድ እየተለቀመ ነበር። እዚያ ብዙው ኮርስ አንድ ፈተና ነው፤ መጨረሻ ላይ። ሌክቸር ላይ ስም የሚጠራ ስለሌለ በኅዳር የቀረ ልጅ በየካቲት ነው የሚታወቀው። ለኮርሱ መመዝገብ ለፈተናው መመዝገብ አይደለም። ለፈተናው በድረ ገጹ ላይ ለብቻው፣ በተሰጠው ቀን ውስጥ ትመዘገቢያለሽ፤ ካልተመዘገብሽ ብታጠኝም አትፈተኝም። ለቀጣዩ ሴሚስተርም እንዲሁ፤ የሴሚስተሩን መዋጮ በቀኑ ካልከፈልሽ ከመዝገብ ይሰርዙሻል፤ ከመዝገብ የተሰረዘ ተማሪ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱም አደጋ ላይ ነው። እነዚህን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። የእነሱ ጥቅምት 1 የእኛ መስከረም 21 ነው። ሰዓቱንም አትርሽ፤ 14 ሰዓት ያሉሽ የእኛ 8 ሰዓት ነው። “የክረምት ሴሚስተር” ሲሉሽ ደግሞ እኛ አዝመራ የምንሰበስብበትን ወቅት ማለታቸው ነው፤ ክረምታቸው በጋችን ላይ ነው የሚወድቀው።

የውጤታቸው ቁጥር የተገለበጠ ነው። 1.0 ከሁሉ የበለጠ፣ 4.0 ማለፊያ፣ 5.0 ውድቀት። 3.7 ሲሰጡሽ እንደ እዚህ መስሎሽ እንዳትደሰች፤ ለጥቂት ነው ያለፍሽው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ይህ ያንችን ስንፍና ሳይሆን የአፈታተናቸውን መለየት ነው የሚያሳየው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን የተማሪ ማኅበሩ ዘንድ ጠይቂና ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። አንድ ፈተና በብዙ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከር፤ ሦስተኛውን ከወደቅሽ ያን የትምህርት ዘርፍ በጀርመን ሌላ ዩኒቨርሲቲም መቀጠል ላይቻል ይችላል። ስለዚህ በፈተናው ቀን ከታመምሽ ጀግና አትሁኚ። ገብተሽ ከጻፍሽ ይቆጠርብሻል። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ማስረጃውን በዕለቱ ለፈተና ቢሮው ላኪ። አንድ ጊዜ ከወደቅሽ ደግሞ ወረቀትሽን ማየት መብትሽ ነው፤ የማሳያውን ቀን ያሳውቃሉ፤ ሂጂና የት እንደሳትሽ ተመልከች። ፕሮፌሰሩም የተማሪ መቀበያ ሰዓት አለው። እዚያ መምህርን መጠየቅ ድፍረት አይባልም፤ ዝም ማለት ግን ገብቶሻል ማለት ነው።

ዝግ ሒሳብ ያስገባነው ገንዘብ የስንት ሰው እጅ እንዳለበት ታውቂያለሽ። በፈተና ቀን ማለዳ ግን አታስታውሽው።

ብርዱን ከጮቄ ጫፍ ብርድ ጋር አታወዳድሪው፤ ብርዱን ልብስ ይመልሰዋል። ወፍራም ካፖርት እዚህ አትግዢ፤ እዚያ ያገለገለ በርካሽ ታገኛለሽ። ከውስጥ ስስ፣ ከመሐል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ፤ ጫማው ውሃ የማያስገባ ይሁን። የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ በርሊን አካባቢ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ያም ደመና ካልሸፈናት ነው። ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ ሲበዛብሽ፣ ክፍል መግባት ሲያስጠላሽ፣ የእናትሽን ስልክ ማንሣት ሲከብድሽ ጨለማው እንደተጫነሽ ምልክቱ እሱ ነው። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ከቤት ውጭ መሄድን እንደ ትምህርት ቁጠሪው። የእኛ ዓይነት ቆዳ በዚያ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ይቸገራል፤ በቀን 20 ማይክሮግራም የሚሆን እንክብል ከፋርማሲ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለ ሐኪም አትውሰጂ። ምልክቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው የተማሪዎች የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ አለ፤ በነጻ ነው፣ ምሥጢርሽንም ይጠብቃሉ። ቤተ ዘመድ “ዓይን ነው” ይላል። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ ቀጠሮውን ግን ያዥ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሆድ ሲከፋው አገር ይከፋልና። ከምትወስጅው ውስጥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አውሮፓ አያስገቡም። ስለዚህ ቋንጣው፣ ንጥር ቅቤውና አይቡ ይቅር፤ ጉምሩክ ላይ ይጣላል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ በደንብ ታሽጎ፣ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይሂድ። ጤፍ እዚያ ይሸጣል፣ ይወደዳል እንጂ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ በቂ ነው። እዚህ በሦስት ቀን የሚቦካው እዚያ ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ውስጥ አምስት ቀንም ይተኛል፤ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጭው፣ ላዩ ላይ ግን አይደለም። እርሾ ባይኖርሽም በራሱ ጊዜ ይነሣል፤ ከመጀመሪያው ቡኮ ላዩ ላይ የጠለለውን ለቀጣዩ አስቀሪ። እብሲቱን አትዝለይ። የማይጣበቅ መጥበሻ ከነክዳኑ ምጣድ ይሆንሻል። ዓይን ካላወጣ ወይ መጥበሻው አልጋለም ወይ ሊጡ ወፍሯል።

ቁሌት ስታቁላይና ቡና ስትቆይ ግን ተጠንቀቂ። በየጣሪያው የጭስ ጠቋሚ አለ፤ ዕጣንሽ እሳት አደጋ ሠራተኞችን ከነመኪናቸው ሊያስመጣና ሒሳቡንም ሊያስከፍልሽ ይችላል። ቡናውን የተቆላ ግዢ። ካበሰልሽ በኋላ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ለአሥር ደቂቃ ክፈችው፤ ማሞቂያውን ዘግተሽ። እንፋሎቱ ካልወጣ ግድግዳው ይሻግታል፤ ከሻገተ መያዣ ገንዘብሽን ይቆርጡታል።

በጾም “ቬጀቴሪያን” የተባለውን አትመኚ፤ ወተትና እንቁላል አለው። የጾም ምግብ እነሱ “ቪጋን” የሚሉት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ካፌም ብዙ ጊዜ አያጣውም። ዐቢይ ጾም በ2018 የካቲት 9 ይገባል፤ የፈተናው ሰሞንም እዚያው አካባቢ ነው፤ የንስሐ አባትሽን ከመሄድሽ በፊት አማክሪ። ገና ታኅሣሥ 29 የሥራ ቀን ነው፤ ማንም እንኳን አደረሰሽ አይልሽም። ሌላ ሁለት የአገር ልጅ ፈልገሽ ቡና አፍሉ። ጥሪ እንዳትጠብቂ፤ አንች ጥሪያቸው።

ስልክ እሑድ ከሰዓት ይሁን። እሑድ እዚያ ሱቅ ስለሚዘጋ ሥራ አይኖርሽም። በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ቢቀር እንዳትሸበሪ፤ አዲስ አበባ ላለችው አክስትሽ መልእክት ተይ፤ እሷ መንገድ አታጣም። ስትደውይ “ደህና ነኝ” ብቻ አትበይን። የወደቅሽውን ፈተና በስሙ ንገሪን፤ ያለቀብሽን ገንዘብ በቁጥር ንገሪን። ልንረዳው ባንችል እንኳ መስማት እንችላለን። ድንገተኛ ነገር ሲገጥምሽ ግን መጀመሪያ ወደ እኛ አይደለም፤ አምቡላንስና እሳት 112፣ ፖሊስ 110 ነው። ሌሊት ሐኪም ከፈለግሽና ነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ 116117።

አንድ ነገር ቀረ። ማር ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። እናትሽ ነጩን ማር ሦስት ኪሎ አዘጋጅታለች፤ ስነግራት አልሰማችኝም። ዕቃሽን ልትወስጅ ስትመጭ አንዱን ኪሎ ቀስ ብለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ትተሽልን ሂጂ።

አባትሽ