ጭቅጭቅ አልበም አያሸጥም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአውስትራሊያው የሃርድ ሮክ ባንድ ኤሲ/ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው «ሃይዌይ ቱ ሄል» ለገበያ የበቃው ርዕሱ ባስነሣው ጭቅጭቅ ነው ብሎ የመዝናኛ ዓምዳችሁ መጻፉ አልተዋጠልኝም። ጭቅጭቁማ ነበር። ግን ጭቅጭቅ አንድ ሰው ካሴቱን እንዲገዛ ያደርገው ይሆናል እንጂ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈኑን ደጋግሞ እንዲያጫውት አያደርግም፤ የባንዱ ችግር ደግሞ የአሜሪካ ሬዲዮ ዘፈኖቹን አለማጫወቱ ነበር።

በፊተኛው ዓመት የወጣው የስቱዲዮ አልበማቸው በአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ፣ 133ኛ ላይ ቀረ። ይኸኛው 17ኛ ደረሰ። በመካከል የተለወጠው ፕሮዲዩሰሩ፣ ማለትም ቀረጻውን የሚመራው ሰው ነው። የባንዱ ጊታሪስቶች የማልኮምና የአንገስ ያንግ ታላቅ ወንድም ጆርጅ ያንግና ሃሪ ቫንዳ ተነሡ፣ ኤዲ ክሬመር ተሞከረና አልሆነም፣ ሥራው ለመት ላንግ ተሰጠ። ድምፃዊው ቦን ስኮት በፌብሩዋሪ 1980 ለንደን ውስጥ ሲሞት አልበሙ ከወጣ ሰባት ወር አልሞላውም። ባንዱ ብራያን ጆንሰንን ይዞ፣ በዚያው ፕሮዲዩሰር የሠራው ቀጣዩ አልበም ግን አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ወጣ። ድምፃዊ ተቀይሮም ውጤቱ ካደገ፣ ምክንያቱን ስቱዲዮው ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን በጥሩ ማዳመጫ ስሙት። በጊታር ይጀምራል፣ ድራሙ ይከተላል፣ ቦን ስኮት ይገባል፤ ቤዝ ጊታሩ ግን የለም። የሚመጣው ከአዝማቹ ጋር ነው፤ ተቀባዮቹም እዚያው ላይ ይደርባሉ። አዝማቹ የገዘፈው ማንም የድምፁን መጠን ከፍ ስላደረገ ሳይሆን እስከዚያ ድረስ ከሥር ባዶ ቦታ ስለተተወለት ነው። በጊታር ምቶቹ መካከል ያለው ዝምታም ሆን ተብሎ የተተወ ነው።

እኛ አገር ሮክ የሚቀርጹ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአምፑን (የጊታር ድምፅ ማጉያውን) ጌይን፣ ማለትም ወደ ማጉያው የሚገባውን ድምፅ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ እስከ ጥግ ያዞሩታል። ብቻውን ሲሰማ ያስፈራል፤ ከባንዱ ጋር ሲቀላቀል ግን ይሰወራል፣ ምክንያቱም ዲስቶርሽን (የድምፁ መሻከር) ሲበዛ የእጁ ምት ይጠፋና ሁሉም ነገር አንድ ወጥ ጉምጉምታ ይሆናል። ማልኮም ያንግ ወፍራም ክር ወጥሮ፣ ጌይኑን ዝቅ አድርጎ፣ ኃይሉን ከቀኝ እጁ ያወጣ ነበር። ኮርድ ሲመታ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ እስኪሰማ ጌይኑን ቀንሱ። ማይኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጉና ከመሀሉ ትንሽ ወደ ዳር ውሰዱት፤ መሀል ለመሀል ከሆነ ይሰነጥቃል፣ ዳር ከወጣ ይታፈናል። ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫወቱና አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ስጡ። አንዱን ቅጂ አባዝቶ ሁለቱም ጎን ማስቀመጥ ጩኸት ከመጨመር በቀር ስፋት አያመጣም። ከቀረጻ ቀረጻ መሀል ጊታሩን እንደገና ቃኙ። በሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች በማዋሃድ) ጊዜ ደግሞ ከጊታሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡለት፤ እዚያ ያለው ቦታ የቤዙ ነው።

ተቀባዮችንም ደራርቦ መቅረጽ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቃሉ በ«ስ» ወይም በ«ት» ሲያልቅ የመጨረሻዋን ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ያሰማት፤ ሌሎቹ አናባቢው ላይ ያቁሙ። አለዚያ አራት ሰው አራት ጊዜ «ስ» ይልና በሚክሲንግ የማይስተካከል ፉጨት ይሆናል።

አንድ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ