ስምሽን ላልጠየቅንሽ እህታችን፣ ለሌሎቻችሁም

ለተወዳዳሪዎች፣ ለበጎ ፈቃደኞች፣ መንገድ ዳር ቆማችሁ ለጮኻችሁልን ሁሉ፤

የትራያትሎናችንን፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚሄዱበትን ውድድር፣ የዕለቱን ነፋስና የውሃውን ብርድ መተረክ አያስፈልግም፤ አብራችሁን ቀምሳችሁታል። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ 42.2 ሩጫ፣ ገደቡ 17 ሰዓት። ሁላችንም ገባን። እንዴት እንደገባን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ለአንቺ፣ 120ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ለቆምሽው እህታችን። ጓደኛችን የኋላ ጎማው ለሁለተኛ ጊዜ ተበስቶበት፣ መለዋወጫውን ቀድሞ ጨርሶ፣ ዳገቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ምን ጎደለህ?» እያልሽ ነው የወረድሽው። «ደህና ነህ?» ብሎ ሳይወርድ የሚያልፍ ሞልቷል፤ አንፈርድበትም፣ ሰዓቱ ይሮጣል።

አዲስ የውስጥ ጎማ ወርውረሽለት መሄድ ትችዪ ነበር። እሱም በሄደ በአምስት ደቂቃው ይበሳ ነበር። አንቺ ግን የተበሳውን መልሰሽ ነፋሽው፤ ነፋሱን በጀርባሽ ከልለሽ ጉንጭሽ አጠገብ ቀስ አድርገሽ አዞርሽው። አየር የሚያፈስበትን ቦታ ጉንጭ ከጆሮ ቀድሞ ያውቀዋል። ቀዳዳው አንድ ነው፣ በውጭ በኩል። ጎን ለጎን ሁለት ቢሆን ኖሮ ጎማው አየር አንሶት ቸርኬው ነክሶታል ማለት ነው፤ በውስጥ በኩል ቢሆን ደግሞ ቸርኬው ላይ ያለው ቴፕ ተንሸራቷል። ከዚያ ቫልቩን መጀመሪያ በነበረበት አቅጣጫ ይዘሽ የውስጡን ጎማ በውጩ ላይ ዘረጋሽውና ቀዳዳው ያረፈበትን ቦታ ደበስሽ፣ በባዶ ጣት ሳይሆን በጓንት። ከጥፍር ቁራጭ የምታንስ ቀጭን ሽቦ ነበረች፤ ከውጭ ፈጽሞ አትታይም። የመጀመሪያውንም የበሳችው እሷው ነች። ጓደኛችን ተቻኩሎ የውስጡን ብቻ ቀይሮ ነበርና የተነሳው።

አዲሱን ከማስገባትሽ በፊት ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ነፋሽው፤ ባዶውን ከገባ ይጣመማል። የጎማውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረሽ በመዳፍሽ እየገፋሽ ቫልቩ ጋ ጨረስሽ። መፈልቀቂያውን ለመመለሻ አልነካሽውም፤ ስንቱ አዲስ ጎማ የሚበሳው እዚያች ላይ ነው! ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ ለቀቅሽ፣ ጠርዙ ሥር የተቆነጠጠ እንዳለ በሁለቱም ጎን ዙሪያውን አየሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው በትንሿ ጣሳ የታመቀውን 16 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የለቀቅሽው። ጣሳዋንም በጓንት ነው የያዝሽው፤ በባዶ እጅ ቢሆን ብረቱ ከቅዝቃዜው የተነሳ ቆዳ ይዞ ይቀራል።

ረስተን፦ ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ካቴናውን ትንሿ ማርሽ ላይ አስወርደሽዋል። የኋላ ጎማ ያለ ትግል የሚወጣው እንደዚያ ሲሆን ነው።

አሁን ስንጽፍ እንኳ የሚከብደን ነገር አለ። የሰጠሽው የውስጥ ጎማ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ነበር። የጓደኛችን ቸርኬ ጥልቀቱ 60 ነው፤ ከአንቺ በፊት ቆመው የነበሩት ሁለት ደጎች ያወጡለት ባለ 48 ቫልቭ ከዚያ ቸርኬ ብቅ እንኳ አይልም። ያንቺ ቸርኬ ግን አጭር ነው። ረጅሙ ቫልቭ ላንቺ አያስፈልግሽም። ለማን ይዘሽው ነበር? ይህ የገባን ማታ፣ ዕቃ ስናጥብ ነው። በወቅቱ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሕጉንም ጠንቅቀሽ ታውቂያለሽ። የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ፣ ውሃና ምግብ ማካፈል ይፈቀዳል፤ ሰጪውን ከውድድር የሚያስቀር ዕቃ ግን፣ ቸርኬም ሆነ ጫማ ወይም ሄልሜት፣ ሁለቱንም ያሰርዛል። አንድ ቅን ወንድም የራሱን ቸርኬ ሊያወልቅለት ሲል እየሳቅሽ የመለስሽው ለዚህ ነው። (ወንድማችን፣ አንተም ተባረክ።)

እ.ኤ.አ. በ2020 በስፔኗ ሳንታንደር ከተማ ትራያትሎን ላይ ስፔናዊው ዲዬጎ ሜንትሪዳ፣ መንገድ ስቶ የተቀደመውን ብሪታኒያዊ ጄምስ ቲግል ከመጨረሻው መስመር ፊት ቆሞ ጠብቆ ሦስተኛነቱን ሲለቅለት ዓለም አጨብጭቧል፤ ይገባዋል። ያንቺን 14 ደቂቃ ግን ካሜራ አላየውም። እኛ ቆጥረነዋል።

በካያክ፣ በትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባ ላይ ለነበርከው ወንድማችን፦ በቀዝቃዛ ውሃ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ትንፋሽ ይነጥቃሉ፤ መዋኘት የሚችለውም ይደነግጣል። አንዷ ጓደኛችንም ደነገጠች። «ያዢ። በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ ልብሱ ይሸከምሻል። አሁን ትንፋሽሽን በረጅሙ አውጪ» አልካት። ካያኩ ወደፊት እስካልጎተተ ድረስ ይዞ ማረፍ አያስቀጣም። ብዙ ጀማሪ ይህን ስለማያውቅ፣ እየጨነቀውም አይይዝም። አንተ ሳትጠየቅ ነገርካት፤ እሷም ገባች።

ከዋና ወደ ብስክሌት በምንቀይርበት ቦታ አጠገባችን ሆናችሁ «ማሰሪያው! ማሰሪያው!» ብላችሁ ለጮኻችሁ፦ አንዱ ጓደኛችን ሄልሜቱ ሳይቆለፍ ብስክሌቱን ከማንጠልጠያው ቢያነሳው ኖሮ ቅጣት ነበረበት። ውሃ ላቀበላችሁ፣ ብርጭቆውን ከሥሩ ይዛችሁ «ውሃ! ጨው!» እያላችሁ ገና ከሩቅ ለተጣራችሁ፣ ለሐኪሞቹ፣ ለዳኞቹ፣ መንገድ ለዘጋችሁልን፦ እናመሰግናለን። ቀድማችሁ ገብታችሁ፣ ታጥባችሁ፣ ለብሳችሁ፣ በሌሊት ተመልሳችሁ የመጨረሻዎቹን ለተቀበላችሁ፣ እናንተ ደግሞ የጉድ ናችሁ።

ስማችሁን ያልጠራን ይቅር በሉን። ሰው በ15ኛው ሰዓት ላይ ፊት አይለይም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

እህታችን፣ በማግስቱ ጎማው ለስልሶ አገኘነውና ደነገጥን። አልተበሳም፤ ጋዙ ከአየር ይልቅ በጎማ ውስጥ ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። በፓምፕ መልሰን ነፋነው። ያ ፓምፕ ያንቺ ነው፣ ጥቁሩና አጭሩ፤ ጋዙ ባይበቃ ብለሽ ትተሽለት ሄደሽ ነበር። የጀርባ ቁጥርሽ በነፋሱ ተጣጥፎ መጨረሻው 7 መሆኑን ብቻ ነው ያየነው። የሚያውቅሽ ካለ ይንገርልን። ከፓምፑ ጋር አዲስ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ቫልቭ የውስጥ ጎማ ጠቅልለን አስቀምጠናል።