ለብርቄ፣ ስለ ቤቱ ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለብርቄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጋሽ ተፈራና ልጆቹስ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ድምፅ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። እማዬ ከኋላ ሆና "እሱንም ንገሪው እንጂ" እያለች ስታቋርጥሽ አውቶብስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩኝ። መልሱን ግን በድምፅ መላክ አልፈለግኩም። የቤትና የገንዘብ ነገር በጽሑፍ ይሻላል። ጋሽ ተፈራም ያንብቡት።

ቅድመ ክፍያውን ላክልን ካላችሁኝ የድሬዳዋ አፓርታማ ልጀምር፤ የምትጠብቁት እሱን ስለሆነ። ሻጩ ልጅ ለእኔም ደውሎልኛል። ቁጥሬን ማን እንደሰጠው እንጃ። "ለዲያስፖራ ልዩ ቅናሽ አለን" አለኝ። ዋጋውን የነገረኝ በዶላር ነው። አቦ፣ ይሄ ነገር አይገርምሽም? አገራችን የመጀመሪያውን የሲሚንቶ ፋብሪካ ያየችው እዚያው ድሬ ላይ ነው። አሸዋው የድሬ፣ ሠራተኛው የድሬ፣ ፀሐዩም የድሬ። ዋጋው ብቻ የአሜሪካ።

ሥዕሉንም ልኮልኛል። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፣ ከፊቱ አረንጓዴ ሣር ተነጥፏል። ድሬዳዋ ላይ መስታወት! በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያርፍበት ሳሎን ውስጥ ማን ይቀመጣል? ማቀዝቀዣ ከተባለ የመብራቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል? መብራት ሲጠፋስ? የከዚራን ሰፈር ቤቶች የሠሩት ፈረንጆች እንኳን ሙቀቱ ገብቷቸው ግድግዳውን ወፍራም፣ ጣሪያውን ከፍ ያለ አድርገው በረንዳ አውጥተውለታል፣ መንገዱን ዛፍ አልብሰውታል። ልጁን "እንጀራ የሚጋገረው የት ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ሞደርን ኪችን አለው" አለኝ። ጭሱ የት እንደሚሄድ ግን ሊነግረኝ አልቻለም።

ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ እዚህ ያለን ሰዎች እጅ ረዝሟል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለእኛ ቤቱ ረከሰ ማለት ነው። ደሞዙ በብር ለሆነው አስተማሪ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ ሳቢያን ሰፈር ያለውን አስተማሪ ትተው ወደ እኛ ይደውላሉ። እዚህ የማውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት ገዝተው ቆልፈውታል። በዓመት አንዴ ሄደው ሁለት ሳምንት ያድሩበታል። ሰው የሌለበት ቤት ቁጥሩ ቢበዛ የኪራይ ዋጋ አይቀንስም።

ስለዚህ ለቅድመ ክፍያው የሚሆን ገንዘብ አልልክም። ጋሽ ተፈራ እንዳይቀየሙኝ። ቤት እንዲኖራችሁ ስለማልፈልግ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀቱን ልይ። የቦታው ካርታ በማን ስም ነው? በባንክ ተይዟል ወይስ ነፃ ነው? የግንባታ ፈቃዱ ስንት ፎቅ ይላል? ቤቱን በቀኑ ካላስረከቡስ ውሉ ምን ይላል? ልጁ ለእነዚህ በወረቀት ከመለሰ እንነጋገራለን። "አያስቡ፣ ታማኝ ነን" ካለ ግን ጥያቄው እዚያው ይቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ስለመባሉና ስለሚጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ።

እማዬ ያለችበት ግቢ እንዴት የቀበሌ እንደሆነ ልጆችሽ አያውቁ ይሆናል። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በምድር ባቡር ደሞዙ ያንን ቤት ያገኘው በዚያ መንገድ ነው። ኪራዩ ዛሬም የሻይ ዋጋ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግድግዳውም አርጅቷል። ፈርሶ አዲስ ቢሠራ እኔ አልቃወምም። የኮሪደር ልማቱ ከተማዋን እንዴት እንዳሳመራት በፎቶ አይቻለሁ። ያንን ሽንት ቤት የሚናፍቅ ሰው ካለ እሱ እዚያ ያልኖረ ነው።

ግን ጥያቄው የሚሠራው ለማን ነው የሚለው ነው። እማዬ የምትኖረው እኔ በምልከው ብቻ አይደለም። ከመግሪብ በኋላ በሩ ላይ ምድጃዋን አውጥታ የምስር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ትኩሱን ጠቅልሎ ይሄዳል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሰልፍ ይያዛል፣ አዴ ፋጡማ ልጆቿን ልካ ታግዛታለች። አሁን እማዬን አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጫት። ሳምቡሳ ሊገዛ ደረጃ የሚወጣ ሰው አለ? ምድጃውስ በረንዳ ላይ ይፈቀዳል? ያ ጉልበቷስ? ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ግቢ አውጥቶ አጎበር ዘርግቶ መተኛትም ቀረ። ቤት ሲሰጣት ገቢዋ ይወሰዳል።

ሌላው የኮንዶሚኒየሙ የ20/80 ነገር ነው። 20 በመቶውን ቅድሚያ ትከፍያለሽ፣ 80ውን ባንክ ያበድርሻል። በወረቀት ላይ ደህና ነው። ግን ያችን 20 በመቶ የሌለው ሰው ብዙ ነው። የወርሃዊ ዕዳው ከብዶት ኮንዶሚኒየሙን ለሌላ አከራይቶ፣ እሱ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ የወጣውን ሰው አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ርካሽ ቤት ደግሞ ድሬ ላይ የት እንደሚገኝ እናውቃለን። ደቻቱ ወንዝ ዳር። በ1998ቱ ጎርፍ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የተጎዳው ማን ነበር? በብዛት ወንዙ ዳር የነበረው ድሃ ነው። ሰው እዚያ የሚሠፍረው ወንዙን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሌላው ቦታ ሲወደድበት ነው። በስብሰባው ላይ የሚነሳ ነገር ካለ ይሄ ይነሳ። ቤት አፍርሰው ሰውን ወደ ውሃው የሚገፉት ከሆነ ልማቱ አንድ ቀን በጎርፍ ዜና ይመለሳል።

እዚህም ያው ነው፣ አትሳቂ። በቅርቡ በሰፈራችን ሊሠራ ስለታሰበ ትልቅ ሕንፃ ነዋሪው አስተያየት ይስጥ ተብሎ ሄጄ ነበር። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፣ ሰዓቱ ፊት ለፊት ይቆጥራል። አንዱ ሽማግሌ ሦስት ደቂቃውን ሙሉ ስለ መኪና ማቆሚያ ተናገረ። ሌላዋ ሕንፃው የአትክልት ቦታዬን ፀሐይ ይከለክላል አለች። ተናጋሪዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው። ኪራዩ የሚያንገበግበው ሰው በዚያ ሰዓት የማታ ፈረቃ ላይ ነው፣ ሆስፒታል ያጸዳል ወይም ታክሲ ይነዳል። ከእኛ አገር ሰዎች እኔን ጨምሮ ጥቂት ነበርን፤ እኔም የሄድኩት ቀኑ እረፍቴ ስለነበር ነው።

እኛ ሰፈር የሚያልፍ "ፐርፕል ላይን" የሚባል ባቡር በፈረንጆቹ 2017 ተጀምሮ እስካሁን በግንባታ ላይ ነው። ሐዲዱ ሳያልቅ ኪራዩ ቀድሞ ደረሰ። ፌንተን መንገድ ላይ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶችም ስጋታቸው ይሄው ነው። በ1895 ባቡር መጥቶ የቆረቆራት ከተማ ልጅ ስለሆንኩ የባቡርና የቦታ ዋጋ ዝምድና አዲስ አልሆነብኝም።

አንድ የወደድኩት ነገር ግን አለ። ይህ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1974 ሕግ አወጣ። የእኛ የትርፍ ቤት አዋጅ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሃያና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ 12.5 በመቶውን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው በሚችለው ዋጋ ያቀርባል። ለኪራይ ከሆነ ዋጋው ለ99 ዓመት ቁጥጥር ይደረግበታል። ሀብታሙም አስተማሪውም በአንድ በር ይገባሉ። አይበቃም፣ ተራው ረጅም ነው፣ እኔም አልደረሰኝም። ቢሆንም የግንባታ ፈቃድ ሳይሰጥ ቃሉ ቀድሞ ይገባል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ መለመን የለም።

እናንተም በስብሰባው ላይ "አንነሳም" ብቻ ከማለት ይልቅ ይህን ብትጠይቁ ምን ይመስልሻል? እዚሁ ከሚሠራው ላይ ለነባሩ ነዋሪ ስንት ቤት ይቀመጣል? ምድር ቤቱ ላይ ካሉት ሱቆች ለእነ እማዬ ዓይነት ነጋዴ ትንሽ ቦታ ይኖራል? እስኪሠራ የት ነው የምንቆየው፣ ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። እና ስብሰባውን ጠዋት እንዲያደርጉት ለምኑ። በበርጫ ሰዓት ከተጠራ አዳራሹ ውስጥ የምትገኙት አንቺና አዴ ፋጡማ ብቻ ናችሁ።

የሜሪን የቤት ኪራይ ነገር በአጭሩ። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ማለቱ ትክክል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል የኪራይ ሕግ አለ። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪም ቢሆን በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያሳውቀው ልክ እንጂ አከራይ በተነሳበት ጠዋት አይደለም። እዚህም በዚያው ዶላሩ በተለቀቀበት ወር የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ ተግባራዊ ሆነ። አዳዲስ ሕንፃዎችን አይነካም፣ እኔ ያለሁበት አሮጌ ስለሆነ ግን ተርፌያለሁ። አሮጌ ቤት አንዳንዴ ጥቅም አለው።

ሜሪ ባሏን ይዛ ወረዳ ትሂድና ውል የት እንደሚመዘገብ ትጠይቅ። አከራዩን ግን በሕግ ከማስፈራራቷ በፊት በሽማግሌ ታነጋግረው። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም፤ ሁሉም ሲጨምር አይቶ ነው። እምቢ ካለ ያኔ ወረቀቱን ታውጣ። "ካልተመቸሽ ልቀቂ" ካላት ደግሞ ቶሎ ደውሉልኝ።

በዚህ ሳምንት ትንሽ ገንዘብ እልካለሁ። ከላዩ የሁለት ወሩን ኪራይ ለሜሪ ስጪያት። የቀረው የእማዬ ነው፣ ጣሪያው ክረምቱ ሳይገባ ይጠገን። "ሊፈርስ ነው፣ ለምን ይጠገናል?" እንዳትይኝ። እስኪፈርስ ድረስ የምትተኛው ከሥሩ ነው። ቆርቆሮውን ከታይዋን ገበያ ሳይሆን ከሚያውቁት ሰው ይግዙ፣ ጋሽ ተፈራ ይመርጣሉ።

የቀበሌውን የኪራይ ደብተርና የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። እማዬ ትራስ ሥር ነው የምታስቀምጠው፣ ሳትቆጣሽ ጠይቂያት። የስብሰባው ቀን ሲታወቅም ንገሪኝ። አዴ ፋጡማን በጣም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ