ፈልጌሽ ነው የጻፍኩት

እህት ዓለም እንዴት ነሽ? ጠፍታ ጠፍታ ደሞ ጉዳይ ሲኖራት መጣች ትያለሽ፣ በይ፣ መብትሽ ነው፣ ብቻ መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺና ከዛ ተቆጪ እሺ? ይቅርታ። ከልቤ ነው። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው ልጆቹም አድገዋል፣ ሌላውን በሌላ ጊዜ እናወራለን፣ አሁን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው።

ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ። ቁጥር በጣም ይወዳል፣ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል፣ ብዙ አያወራም ግን ያወራ ቀን ቦታውን የያዘ ነገር ነው የሚናገረው። ረዳት ተመድባለታለች። ጎበዝ ናት፣ ትወደዋለች፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገርሽ ምክንያቱም ቀጥሎ የምለው እሷን መክሰስ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ችግሩ ካጠገቡ ለደቂቃ አለመነሳቷ ነው። እኔ ስጠይቀው እሷን ያያል፣ እርሳሱ ሲወድቅ እሷ ታነሳለች፣ መልሱ ትንሽ ሲዘገይ እሷ ትመልስለታለች፣ ልጆቹ እንኳን "መጫወት ይፈልጋል?" ብለው የሚጠይቁት እሷን ነው እኮ፣ እሱ እዛው ተቀምጦ! ከኛ ጋር ይማራል ይባላል፣ እኔ የማየው ግን ከሷ ጋር ብቻ ሲማር ነው።

አንድ ቀን ረዳቷ አርፍዳ መጣች። ብቻውን ምን ይሆን ብዬ ተጨንቄ አይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል ቦርዱ ላይ እየጻፍኩ ነበር፣ ላጲስ ፈለገ መሰለኝ ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ፣ ከዛ አጠገቡ ወዳለችው ልጅ ዞሮ "ላጲስ" አላት። ሰጠችው። "ስትጨርስ መልስልኝ" አለችው፣ ሲጨርስ መለሰላት። በቃ ይሄው ነው። ላንቺ ካልሆነ ለማን ይነገራል ይሄ፣ ሌላ ሰው ምን ይገርማል ይለኛል፣ አንቺ ግን እዛች ዝምታ ውስጥ ስንት ነገር እንደነበረ ይገባሻል። ረዳቷ ብትኖር ላጲሱ ገና ሳይፈለግ እጁ ላይ ነበር።

ሜሪ ባድ ሮው ስለምትባለው ተመራማሪ ስታወሪልኝ ትዝ ይልሻል? በ1970ዎቹ ስላጠናችው፣ አስተማሪ ከጠየቀ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቅና 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቅ የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ። ለዚህ ልጅ ደሞ 3 ሰከንድ ምኑም አይደለም።

እና የሚያስጨንቀኝ ይሄውልሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅዱን ለመጻፍ ስብሰባ አለ፣ እናቱም አለች። እኔ ማለት የምፈልገው ረዳቷ ቀስ በቀስ ራቅ ትበል ነው። ግን ይሄን ስል እናትየዋ የምትሰማው "ረዳቷን ሊወስዱብኝ ነው" የሚለውን ነው፣ ያቺን ረዳት ለማግኘት ደጅ ስትጠና ምን ያህል እንደደከመች አውቃለሁ። በጀት የሚይዙት ደሞ "ካላስፈለገችውማ" ብለው ቦታውን ሊዘጉት ይችላሉ! እኔ የምለው ራቅ ትበል እንጂ ትነሳ አይደለም፣ በጣም ይለያያል፣ እዛ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው እንዳይቀሩ ፈራሁ። ዝም ብልስ? እሱም አልሆነልኝም፣ ዝም ካልኩ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሰው ሳያናግር ሊጨርስ ነው።

ሳስበው ዕቅዱ ላይ የረዳቷ ሰዓት ሳይነካ ሥራዋ ቢቀየር ይሻላል። የቀኑን ፕሮግራም በስዕል ታዘጋጅለት፣ ጫጫታ ሲበዛ የሚወጣበትን ጸጥ ያለ ቦታ ትያዝለት፣ በቡድን ሥራ ጊዜ ቡድኑን ሁሉ ትርዳ፣ እሱን ስትረዳ ደሞ መጀመሪያ ትጠብቅ፣ ከዛ በምልክት፣ ከዛ በቃል፣ እጁን መያዝ መጨረሻ ላይ ይምጣ። መቼ እንደረዳችው መቼ እንዳልረዳችውም ትመዝግብ። እኔም እኮ ሥራዬን እሷ ላይ ጥዬ መሄድ የለብኝም፣ የልጁ አስተማሪ እኔ ነኝ። የ1994ቱን የሳላማንካ መግለጫ መጥቀስ አስቤ ነበር፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ ይቀበል የሚለውን፣ ግን የ2006ቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ይሻላል መሰለኝ፣ ድጋፉ እዛው መደበኛው ትምህርት ውስጥ ይሰጥ፣ እንደየሰው ፍላጎትም ይመቻች ስለሚል። ወይስ እናት ባለችበት አንቀጽ መጥቀስ ይከብዳል? አንቺ አንቀጽ ስትወጂ ነው የማውቅሽ ለዛ ነው የምጠይቅሽ።

የመስሚያ መሣሪያ የምታደርግ ልጅም አለችኝ፣ እሷን በተመለከተ የነገርሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ወደ ቦርዱ ዞሬ አላወራም፣ ከኋላ የተመለሰውን መልስ እደግመዋለሁ፣ መሣሪያው የወንበሩንም ጫጫታ አብሮ እንደሚያጎላ ለልጆቹ አስረድቻቸው አሁን ወንበር ሲስቡ አንስተው ነው። ደስ ይላሉ ብታያቸው።

እሺ አሁን ያንቺ ተራ ነው። ያኔ አንቺ ለራስሽ ተማሪ የጻፍሽውን ዕቅድ ስሙን አጥፍተሽ ላኪልኝ፣ ወረቀት እንደማትጥይ አውቃለሁ የት እንዳለ ፈልጊው። ደሞ በናትሽ ለእናቱ መጀመሪያ ምን ብለሽ እንደጀመርሽላት ንገሪኝ፣ እኔስ ለዚህኛው እናት ስለ ላጲሱ ልጀምርላት ወይስ እሱን ለኋላ ላቆየው? ከስብሰባው በፊት ለብቻዋ ባገኛትስ? መጻፍ ከሰለቸሽ በቴሌግራም ድምፅ ላኪ፣ ቁጥሬ ያው ነው፣ ስድቡንም እዛው ላይ ጨምሪበት እሰማዋለሁ።