የፉቲ ተጫዋቾችን ታሪክ እስከ መጨረሻው ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከአፍሪካ መጥተው በአውስትራሊያ ፉትቦል (እዚህ ፉቲ የምንለው፣ ከእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ) ስም ስላተረፉ ልጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሜልበርን ተቀባብለን አነበብነው። እጃችሁ ይባረክ። ግን ታሪኩ ልጁ ክለብ ገብቶ ማሊያ የለበሰ ቀን ላይ ቆመ። ፈተናው እኮ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የማጃክ ዳውን ጉዳይ ልውሰድ። ካርቱም ተወለደ፤ ቤተሰቡ በግብፅ አድርጎ በ2003 አውስትራሊያ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። በኤኤፍኤል (የፉቲ ከፍተኛው ሊግ) ከተጫወቱ የሱዳን ተወላጆች የመጀመሪያው እሱ ነው። ኖርዝ ሜልበርን የተባለው ክለብ በ2009 መጨረሻ ወሰደው፤ የወሰደው ግን በሩኪ (የጀማሪዎች) ዝርዝር ነው። ሩኪ ከሆንክ ከዋናዎቹ ጋር ትለማመዳለህ፣ ደሞዝህ ግን ከእነሱ ያንሳል። በዚያን ጊዜ ደንብ ደግሞ ወደ ዋናው ዝርዝር ካላሳደጉህ ኤኤፍኤል ላይ አትሰለፍም። ስለዚህ ዌሪቢ ለሚባል ክለብ፣ በታችኛው ሊግ ይጫወት ነበር። እዚያ እያለ በ2011 ፖርት ሜልበርን ሜዳ ላይ በቆዳ ቀለሙ ተሰደበ። ይህም የሥራው አካል ሆነ እንግዲህ።

በ2013 ኤፕሪል ከብሪዝበን ጋር ሲጫወቱ በኤኤፍኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። የመጀመሪያ ምቱ ጎል ሆነች። ፉቲ ላይ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ጎሉን ሲያገባ ጓደኞቹ በሙሉ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያሉት ተከላካዮች ሳይቀሩ፣ ሮጠው መጥተው ይከቡታል። ሜዳው ከእግር ኳስ ሜዳ እጅግ ይሰፋል፤ ሩጫው የዋዛ አይደለም። በዚያው ዓመት በአንድ ጨዋታ ብቻ 6 ጎል አገባ። እናንተ ብትሆኑ ጽሑፉን እዚህ ጋ ትዘጉት ነበር።

ከዚያስ? ጉዳት። ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ። ተመልሶ መውጣት። አጥቂ ሆኖ የጀመረው ልጅ በ2018 ተከላካይ ተደረገና ጥሩ ዓመት አሳለፈ። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ጭንቀት ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ለሕይወቱ የሚያሰጋ ጉዳት ደረሰበት፤ ዳሌው ተሰበረ። ብዙ ሰው አበቃለት ሲል በ2020 ዋናው ቡድን ውስጥ ተመልሶ ተሰለፈ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ክለቡ አሰናበተው። 2021ን ሜልበርን በሚባለው ሌላ ክለብ ውስጥ ሆኖ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ አሳለፈና ጫማውን ሰቀለ። ሜልበርን ከ57 ዓመት በኋላ ዋንጫ ያነሳው ደግሞ በዚያው ዓመት ነው።

ድምሩ 54 ጨዋታ ነው። የአንድ ዓመት መደበኛ ውድድር 22 ጨዋታ ገደማ ነበር። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ ተለፍቶ የተገኘው የሁለት ዓመት ተኩል ጨዋታ ነው። ልጁን ለማሳነስ አይደለም የምለው። እንዲያውም ለእኔ ከስድስቱ ጎል የ2020ው መመለስ ይበልጥብኛል።

ፉትስክሬይና ሰንሻይን አካባቢ የእኛም ልጆች ፉቲ ጀምረዋል። አንዱ ወላጅ «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው ሚሊዮን መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱም ስለ ሥራው የሚያውቁት ነገር የለም። ድራፍት ላይ (ክለቦች አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚወስዱበት ምርጫ) ክለቡ ነው ልጁን የሚመርጠው፤ እዚህ ያደገ የ18 ዓመት ልጅ ሻንጣውን ይዞ በአገሩ ሌላ ጫፍ ወዳለችው ፐርዝ ሊሄድ ይችላል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በነገራችን ላይ ለሐውቶርን ክለብ የተጫወተው ቻንግኩዎት ጂያት የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ወላጆቹ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። ስለ ተጫዋቹ አሊር አሊር፣ ኬንያ ያለው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ልጅ መሆኑንና በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ መግባቱን ጽፋችኋል። የአገራችንን ነገር ዘልላችሁ ማለፋችሁ ግን ገርሞኛል።

ቀጥሎ ስትጽፉ ሩኪ ሆኖ አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ የተሰናበተ ልጅ ፈልጉና አናግሩልን። ስሙን መግለጽ ካልፈለገ ይቅር። ደሞዙ ስንት ነበር? ኮንትራቱ እንደማይታደስ ማን፣ እንዴት ነገረው? ትምህርቱንስ ቀጠለ ወይ? የ14 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ድራፍት እገባለሁ ብሎ ሌላ ወሬ ጠልቷል። መልሱን አብረን እናነበዋለን።

አንድ አባት
ከምዕራብ ሜልበርን