ልጃችሁ የሰፈር ሰው ታሪክ ቀድቶ ሲመጣ፦ ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ወላጆች

ድሬዳዋ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የሕይወት ታሪክ ቀረጻና ጽሑፍ ሥራን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ተማሪዎቻችን ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሰፈራቸው አንድ ሰው መርጠው፣ የሕይወት ታሪኩን ጠይቀውና በስልክ ቀድተው፣ ከ3 እስከ 4 ገጽ በእጅ ጽፈው ያመጣሉ። የአማርኛና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን በጋራ ከ20 ያርሙታል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተለማምደዋል። ደብዳቤውን ለእናንተ የምንጽፈው ይህ ሥራ የሚያምረውም የሚበላሸውም ከትምህርት ቤት ውጭ ስለሆነ ነው።

የከተማችንን ታሪክ ልጆቹ ለፈተና ያጠኑታል። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ውል መስጠታቸውን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ መቆርቆሯን፣ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ይጽፋሉ። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በዚያ መስመር ላይ ሐዲድ ሲያጠብቅ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ሽንሌና አዲጋላ ጣቢያ ላይ ሻይ ሲሸጥ የኖረው ማን ነው ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከእነሱ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው።

የሚመረጠው ሰው ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ ኑሮውን በእጁ ሥራ የገፋ፣ እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ ጠይቆት የማያውቅ ቢሆን እንወዳለን። የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ያረጀች እናት፣ ጋሪ ነጂ፣ የልምድ አዋላጅ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ፣ የእድር ጥሩምባ ነፊ ሊሆን ይችላል። ጥሩምባ ነፊውን አትናቁት፤ በየትኛው ቤት ማን መቼ እንዳረፈ ከማንም መዝገብ በላይ ያውቃል። የገዛ አያትን መምረጥ አልከለከልንም፣ ግን አንመክርም። አያት የሚናገረው ለልጅ ልጅ ተብሎ የተስተካከለውን ነው፤ ልጁም «ይህንን አውቀዋለሁ» እያለ መጠየቁን ይተዋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢያንስ አርባው እስኪወጣ አይጠየቅ።

የመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ስልክ ነው። ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ምን እንደሚሠሩና ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው ይናገራሉ፣ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ይመለሳሉ። ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። በዚህ ጉብኝት ስልክ የወጣ እንደሆነ ሰውዬው እንግዳ እንደመጣበት ሆኖ ይስተካከላል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ንግግሩም አብሮ ይቀየራል። ድሬ ላይ «አንቱ» እንደ ሌላው አገር እንደማይበዛ እናውቃለን፤ ልጁ ያንን ሰው በየቀኑ እማማ፣ ጋሼ ወይም ሐጂ እያለ የሚጠራ ከሆነ እንደዚያው ይጥራ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የመጣ ትሕትና ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ልጅ ሁሉ የሚጀምረው «ሕይወትዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ነው። መልሱም አንድ ነው፦ «ተመስገን፣ ደህና ነበር» ወይም «አልሐምዱሊላህ»። በዚህ ላይ የሚጻፍ የለም። ክፍል ውስጥ ያሠለጠንናቸው ከእጅ ሥራው እንዲጀምሩ ነው። ለምሳሌ ሁልበት መረቅ (የአብሽ ሾርባ) ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ብትገኝ፣ ስለ ችግሯ ከመጠየቅ በፊት ስለ አብሹ ትጠየቅ። ለአንድ ድስት ስንት ጭብጥ አብሽ ይገባል? የሚዘፈዘፈው ማታ ነው ወይስ ሌሊት? ውኃው ስንት ጊዜ ይለወጣል? በእጅ ሲመታ መራራው እንደለቀቀ፣ አረፋውም ነጭ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ማታ የሚዘፈዘፍ ከሆነ ሌሊት የሚነሳ ሰው አለ ማለት ነው። ማን ነበር የሚነሳው? ውኃውስ ከየት ይቀዳ ነበር? ቧንቧው ሲደርቅ ምን ትሠራ ነበር? ስትነሳ ሕፃኑ ማን ጋ ይተኛ ነበር? አራት አምስት ጥያቄ ካለፈ በኋላ ባሏ መቼ እንደሞተ፣ ትልቋ ልጅ ለምን ከ4ኛ ክፍል እንደቀረች ራሷ ታነሳዋለች። «ችግርሽን ንገሪኝ» ተብላ ቢሆን ኖሮ አትናገረውም።

ለባቡር ሠራተኛም ያው ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ በእጁ ምን ይይዝ ነበር? የመጀመሪያ ደሞዙን ምን ገዛበት? አለቃው የሚቆጣው በየትኛው ቋንቋ ነበር? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ፈረንሳይኛውን ታወጣዋለች። እስከ ዛሬ ምድር ባቡርን ሸሚን ደፌር፣ ጣቢያውን ለገሃር የሚሉት በከንቱ አይደለም።

እናንተን የምንለምነው ከባድ ነገር ዝምታ ነው። ልጆቹን የሚያደርስ አዋቂ ግድ ይኖራል፣ ቀረጻውም ሰው በሚተላለፍበት ግቢ እንጂ ጓዳ ውስጥ አይሆንም። አዋቂው ግን ከአምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አጠገብ የተቀመጠ ወላጅ ሳያውቀው ይመልሳል፣ ዓመት ያርማል፣ «እሱን ተዉት፣ ዋናውን ይንገሩት» ይላል። ተናጋሪውም ልጁን ትቶ ወደ አዋቂው ዞሮ ያወራል፤ ያኔ የምናገኘው ሁለት ጎልማሶች የሚያውቁትን ሲያሳጥሩት ነው። ለልጅ ሲሆን ሰው ሁሉንም ያብራራል። ተናጋሪው ሲያስብ ዝም ቢል ልጁ በሆዱ እስከ አስር ይቁጠር። ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከሰባት በኋላ ይመጣል።

ቀረጻው ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አለ፣ ምሳና እንቅልፍ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫው ይጀመራል፤ ሰው ጨዋታ አዋቂ ይሆናል፣ ታሪኩም አብሮ ያድጋል። ድምፅ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ቬንቲሌተር ነው። ጆሯችን ለምዶት አይሰማውም፣ ስልኩ ግን ከንግግሩ እኩል ይቀዳዋል። ሃያ ሃያ ደቂቃ አጥፍቶ እየቀዱ በመሀል ማብራት ይቻላል። ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ያስተጋባል፤ ዛፍ ሥር ወይም ፍራሽና መጋረጃ ያለበት በረንዳ ይሻላል። ከመንገድ ዳር ባጃጅ አያስቀምጥም። አዛን ሲሰማ ወይም ጎረቤት ሰላም ሊል ሲገባ ቆም ይበሉ እንጂ በላዩ ላይ አይጠይቁ።

ስልኩ ከተናጋሪው አፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በታጠፈ ሽርጥ ወይም ነጠላ ላይ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ በባዶው ከተቀመጠ የሲኒው ኮሽታ ሁሉ ይገባል። ፍላይት ሞድ ላይ ይደረግ፤ በመሀል ስልክ ተደውሎ ቀረጻ የቆመበት ልጅ እስኪያውቅ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ባትሪው ከ70 በመቶ በላይ፣ ባዶ ቦታውም ቢያንስ 500 ሜጋባይት ይሁን። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድተው መልሰው ይስሙ። ከ45 ደቂቃ በላይ አይቅዱ፤ ሽማግሌ ይደክማል፣ ልጅም ይሰለቻል። በዚያው ቀን ድምፁን ሌላ ስልክ ላይ ያስቀምጡ፣ በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩት።

አንድ ሰዓት ድምፅ ቃል በቃል ለመገልበጥ ለለመደ ሰው እንኳ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉንም እንዲገለብጡ አንጠይቅም። የተሻለውን 10 ደቂቃ መርጠው እንዳለ ይጽፋሉ፣ ቀሪውን በማስታወሻ ያጠቃልላሉ። «ማለቴ»፣ «እንትን» የሚለው ይቅር፤ የተናጋሪው አባባልና የሰፈሩ ቃል ግን አይነካ። ባለፉት ጽሑፎች ያየነው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፦ የቀፊራ ነጋዴ እንደ ዜና አንባቢ ታወራለች። አርመው የሚያሳምሩ ወላጆች መሆናቸውን እናውቃለን፣ እባካችሁ ተዉልን።

ዓመተ ምሕረት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ዓመቱን አያስታውስም፣ ያኔ ልጅ አዝሎ እንደነበር ግን ያስታውሳል። ስለዚህ ልጆቹ በሚታወቅ ነገር ያስሩታል፦ ጣልያን በገባበት 1928 እና በወጣበት 1933፣ ትርፍ ቤት በተወረሰበት ሐምሌ 1967፣ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋ ጫፍ በደረሰበት ነሐሴ 1969፣ መንግሥት በተለወጠበት ግንቦት 1983፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በመጣበት ሐምሌ 1998። «ብር ሲለወጥ» ከተባለ የትኛው ለውጥ እንደሆነ ይጠየቅ፤ በ1969ም በ2013ም ተለውጧል። «ሰማንያ ዓመቴ ነው» ያሉ እናት ጣልያን ሲወጣ ዳዴ ይሉ እንደነበር ከተናገሩ፣ ዕድሜያቸው ከ85 ያልፋል። ልጁ ፊታቸው ላይ አያርም፣ ሁለቱንም ይጻፍ። ለቅጥር የተጨመረ ወይም ለጡረታ የተቀነሰ ዕድሜ ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

የቆየ የምድር ባቡር ወረቀት ካለ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ «14 ማርስ 1962» ካለ በእኛ መጋቢት 5 ቀን 1954 ነው፤ እንዳለ የገለበጠ ልጅ ሰውየውን ስምንት ዓመት ዘግይቶ ያስቀጥረዋል። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ይቀነሳል። በሒጅራ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችም አሉ። የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በሒጅራ 66 የሞላው ሰው በእኛ 64 አካባቢ ነው። ስለ ዋጋ ሲነሳ ስሙኒ 25፣ ሽልንግ 50 ሳንቲም መሆኑን ለልጆቹ ንገሯቸው። የዛሬ ስንት ብር ይሆናል ብለው አያስሉ፤ በዚያ ደሞዝ ስንት ኪሎ ስኳር ይገዛ እንደነበር መጠየቁ ይበቃል።

ተናጋሪው በሚመቸው ቋንቋ ይናገር። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ጌይ ሲናን (ሐረሪኛ) ከሆነ በዚያው ይቀዳ፣ ትርጉሙ በኋላ ይሠራ። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ከማያውቀው ጋር የተጣመረው ለዚህ ነው። አቻ የሌለው ቃል እንዳለ ይቀመጥ። የሐረሪዎችን የመረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻን፣ «እድር» ብሎ መተርጎም ለምሳሌ ግማሹን መጣል ነው።

ፎቶግራፍ ከቤት አይወጣም፣ «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎም አይወሰድ። እዚያው በጥላ፣ ፍላሽ ሳይበራ ይነሳ፤ ጀርባውም አብሮ ይነሳ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ፎቶ ከተላጠ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ከነመስታወቱ ትንሽ ገደድ ብሎ ይነሳ።

የማይጻፍም አለ። በባቡር ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ እናቶች ታሪካቸውን ደስ ብሏቸው ያወራሉ፤ የማን ዕቃ ነበር፣ ማንስ አሳለፈው የሚለው ግን አይጻፍ። የሌላ ሰው በሽታ፣ የጎረቤት ጠብ፣ የብሔር ስድብ እንዲሁ። የደቻቱ ጎርፍ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ቤተሰብ ያጣ ሰው ራሱ ካላነሳው ልጅ አያንሳበት። ካነሳውና ካለቀሰ ቀረጻው ይቁም፣ ውኃ ይሰጠው፣ ይቀጥል እንደሆነ ይጠየቅ። ለተናጋሪው ገንዘብ አይሰጥ፤ ገንዘብ ከገባ ታሪኩ ይረዝማል፣ ጎረቤትም ይቀየማል። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይበቃል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ልጆቹ ተመልሰው ለተናጋሪው ጮክ ብለው ያነባሉ። «ይህ ይውጣ» ያለው ይወጣል፣ ለምን አይባልም። ስሙ ይገለጽ ወይም አይገለጽ የሚወስነው እሱ ነው፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያኖራል፣ አንድ ቅጂም እሱ ጋ ይቀራል። ያለዚህ ንባብ የመጣ ሥራ አይታረምም።

ቀኖቹን ያጣደፍነው በጾሙ ምክንያት ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል፤ ጉሮሮው የደረቀ ሽማግሌ ማስለፍለፍ ነውር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉብኝት ቅዳሜ ጥር 23፣ ቀረጻው ቅዳሜ ጥር 30 ወይም እሑድ የካቲት 1 ይሁን። ረቂቁ ዓርብ የካቲት 20 ይገባል፤ የተነበበውና የተፈረመበት ደግሞ ከዒድ በኋላ፣ ዓርብ መጋቢት 18።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ሐሙስ ጥር 21 በልጃችሁ እጅ ላኩልን። የተመረጠው ሰው ስም፣ የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚያደርሳቸው አዋቂ ስልክ ቁጥር ይሞላበት። ቤታቸው የሚቀዳ ስልክ የሌላቸው ልጆች እንዳይሸማቀቁ ትምህርት ቤቱ ስልኮች አዘጋጅቷል፤ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር

ርዕሰ መምህር